በከረጢት ውስጥ ስለሚነቃ ደም

ደም ከሰው ሥጋ ከወጣ በኋላ እንዴት እንደሚሰነብት የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ለጋሹ እጅጌውን አውርዶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ በሽተኛውም ከራስጌው የተንጠለጠለውን ከረጢት ብቻ ያያል። እኛን ወደዚህ ነገር የመራን የአንድ የሥራ ባልደረባችን ጥያቄ ነው። ልጁ ፕሌትሌት አንሶት፥ ድዱ እየደማ በተኛ ጊዜ፥ «ደም በብርድ ቤት ሞልቶ ሳለ ይህ ብቻ ለምን ታጣ?» አለን። ልጁ በማግስቱ አግኝቶ መድማቱ ቆመለት፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ። ሐኪም ባንሆንም፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስጨበጠንን ሳይንስ ስንቅ አድርገን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን።

ፕሌትሌት ደምን የሚያረጋ፥ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ማይክሮን የሆነ ጥቃቅን ሕዋስ ነው። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 400,000 ያህል ይገኛል። ቀይ ሕዋስ በብርድ ቤት እስከ 42 ቀን ሊቆይ ሲችል፥ ፕሌትሌትን ግን ብርድ ይጎዳዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ስኮት መርፊና ፍራንክ ጋርድነር የተባሉ አሜሪካውያን፥ በብርድ የሰነበተው ፕሌትሌት ወደ ሰው ሥጋ ሲመለስ ቶሎ እንደሚጠፋ አስረዱ። ስለዚህ በ20 እና በ24 ዲግሪ መካከል፥ በቀስታ እየተወዘወዘ፥ እንደ ልማዱ 5 ቀን፥ የተለየ ጥንቃቄ በሚደረግበትም ስፍራ 7 ቀን ይቀመጣል። ይህ ሙቀት ለባክቴሪያም የሚመች ስለ ሆነ ከዚያ በላይ ማቆየት ያስፈራል። ለወዳጃችን ጥያቄ መልሱ ይኸው ነበር።

ነገር ግን በእነዚያም ጥቂት ቀናት ፕሌትሌቱ እንደ ነበረ አይቆይም። ባሕርዩ ቁስል ሲያገኝ መንቃት ነው፤ ጠፍጣፋ የነበረው እሾህ ያወጣል፥ ይጣበቃል። በከረጢቱ ውስጥ ቁስል ባይኖርም፥ የደሙ መጣራትና የላስቲኩ ንክኪ ይቀሰቅሱታል፤ ጠላት ሳይመጣ ጋሻውን እንዳነሣ ዘበኛ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ ዘዴ ከረጢቱን በብርሃን ፊት አንሥቶ ማወዛወዝ ነው፤ ቅርጹን የጠበቀው ፕሌትሌት እንደ ሐር ጨርቅ እየተጥመለመለ ያብለጨልጫል። ዓይን ብቻ የሚበቃው በመሆኑ ይህን ዘዴ እንወደዋለን፤ ይሁን እንጂ ስንቱ እንደ ነቃ አይቆጥርም።

የሚቆጥረው ፍሎው ሳይቶሜትሪ የሚባለው ነው። ከከረጢቱ ጥቂት ጠብታ ተወስዶ፥ የሚያበራ ቀለም የተሸከመ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ ከዚያም ሕዋሳቱ በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ብርሃን ፊት ያልፋሉ። አንዱ አንቲቦዲ፥ «ይህ ፕሌትሌት ነው» ብሎ ይመሰክራል፤ ሁለተኛው ፒ ሴሌክቲን የተባለውን ፕሮቲን ይፈልጋል። ይህ ፕሮቲን ፕሌትሌቱ ሳይነቃ በሆዱ ባሉ ከረጢቶች ተሸሽጎ ይኖርና፥ ሲነቃ ወደ ላዩ ይወጣል። በዚህ ዓይነት አሥር ሺህ ፕሌትሌት እንኳ በአጭር ጊዜ ይመረመራል፤ የነቁትም ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ይታወቃል። ቀኑ በገፋ ቁጥር የነቁት ይበዛሉ። አስቸጋሪው ነገር፥ ናሙናው በችኮላ ቢናጥ መርማሪው ራሱ ያልነቃውን መቀስቀሱ ነው።

በ1996 ደግሞ ማይክልሰንና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ የነቃው ፕሌትሌት ወደ ደም ሥር ከተመለሰ በኋላ ከላዩ ያለውን ፒ ሴሌክቲን እየጣለ መዘዋወሩንና መሥራቱን እንደሚቀጥል አገኙ። እንግዲህ የነቁት በዙ ተብሎ ብቻ ከረጢቱ አይኮነንም። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ጥያቄ፥ ያልነቁት ሆን ተብሎ ቀስቃሽ ነገር ሲጨመርባቸው ምን ያህል ኃይል ቀርቷቸዋል የሚለው ነው፤ ይህም በዚያው መሣሪያ ይለካል።

መሣሪያው በብዛት የሚያገለግለው አዲስ ከረጢት ወይም አዲስ ማቆያ ፈሳሽ ሲፈተን ነው። ለዕለት ሥራው የሚታየው በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ቀን ነው፤ ቀኑ ካለፈ፥ በውስጡ ገና ለሥራ የተዘጋጀ ብዙ ፕሌትሌት ቢኖርም፥ ይጣላል።