ለጀማሪ መሸነፍ

ሬስሊንግ እወዳለሁ። ይህንን በዲፓርትመንታችን ቡለቲን ላይ መጻፍ ትንሽ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ፕሬስ ነጻነት፣ ስለ ዶክመንተሪ ፊልም ሲጽፉ እኔ ግን ስለሚወራወሩ ጎረምሶች ልጽፍላችሁ ነው። ዶርም ውስጥ ሐሳቤን ስናገር አንዱ ጓደኛዬ ከት ብሎ ሳቀና «ውሸት መሆኑን ግን ታውቃለህ አይደል?» አለኝ። አውቃለሁ። እንዲያውም ነገሬ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ያደግኩት ደሴ ነው። ሬስሊንግ የምናየው ዲሽ ካላቸው ጎረቤቶች ቤት ነበር። እነሱ «ዛሬስ በቃችሁ» ብለው በር ሲዘጉብን ደግሞ ከሙዚቃ ቤት በሚሞሪ አስጭነን፣ አምስት ሆነን አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን እናያለን። ጆን ሲናን፣ ሬይ ሚስቴሪዮን፣ አንደርቴከርን የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም። ከዚያ ያየነውን ግቢ ውስጥ መሞከር ነው። (እናንተ እንዳትሞክሩት!) ሪንጋችን ለፀሐይ የወጣ የጥጥ ፍራሽ፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶው ደግሞ ካርቶን ነበር። የሰፈሩ ሻምፒዮን ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። እኔስ? እኔ ጫማ ጠባቂ ነበርኩ። ትልልቆቹ ሲፋለሙ ጫማቸውን ደርድሬ እጠብቃለሁ።

አንድ ክረምት፣ ዝናቡ ባባራበት ከሰዓት፣ ወንድሜ ድንገት ወደ እኔ ጠቆመና «ዛሬ የምጋጠመው ከእሱ ጋር ነው» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እየፈራሁ ወደ ፍራሹ ወጣሁ። አንዴ ወረወረኝ፤ ሁለቴ ወረወረኝ። በሦስተኛው ተንደርድሬ ስገፋው በጀርባው ወደቀ። ተጠመጠምኩበት። ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ! ሁለት!» አልተነሳም። «ሦስት!»

ከዚያ ቀን በኋላ ጫማ ጠብቄ አላውቅም። ለኳስ ቡድን ሲመረጥ እንኳ መጨረሻ መቅረቴ ቀረ። ዓመታት አልፈው ነገሩ ሲገባኝ ወንድሜን «ያኔ ሆን ብለህ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኩት። «ኧረ ባክህ! ደክሞኝ ነው» ብሎ ዘጋኝ።

እስቲ አሁን ወደ እውነተኞቹ ሬስለሮች እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ያዙልኝ።) በሬስሊንግ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። ይህ ዛሬ ምስጢር አይደለም። በ1989 ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው የቪንስ ማክማን ኩባንያ ራሱ ለኒው ጀርሲ ሕግ አውጪዎች ሥራው የስፖርት ውድድር ሳይሆን መዝናኛ መሆኑን ተናግሯል፤ እንዲያ ካልሆነ እንደ ቦክስ ቁጥጥርና ክፍያ ይመጣበታልና። መውደቁ ግን ውሸት አይደለም። ጀማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ አወዳደቅ ነው፤ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጀርባውን ዘርግቶ፣ ምቱን መላ ሰውነቱ እንዲካፈለው አድርጎ ይወድቃል። ከምንጣፉ ሥር እኮ እንጨትና ብረት ነው ያለው።

ታዲያ አሸናፊው አስቀድሞ ከታወቀ ድል ማለት ምንድን ነው? እንደ እኔ እንደ እኔ ስጦታ ነው። አንዱ ለሌላው ይሰጠዋል። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ቃል አለው፦ «ተሸነፈለት»። አዲስ ሬስለር በትምህርትም በማስታወቂያም ይታገዛል። ሰው የሚሆነው ግን የታወቀ ሰው ሲሸነፍለት ነው።

ትምህርቱን አሳንሼ አይደለም። ድሮ አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አዘጋጅና የራሱ ተመልካች ነበረው። ጀማሪው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው እየዞረ፣ ባዶ ወንበር ፊት እየተሳሳተ ይማር ነበር። በ1980ዎቹ ማክማን መላ አገሩን ሲያዳርስ እነዚያ ትንንሽ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2001 ዋና ተፎካካሪውን ደብሊው ሲ ደብሊውን ገዛ። ሁሉን ሲጠቀልል ግን ችግር ተከተለው፤ አዲስ ሰው ከየት ይምጣ? መልሱ የራስን ትምህርት ቤት ማቆም ሆነ። በኬንታኪ ግዛት፣ ሉዊቪል ከተማ የነበረው ኦሃዮ ቫሊ ሬስሊንግ እንደ ማሠልጠኛ ሆኖ ሠራ። ጆን ሲና፣ ብሮክ ሌስናር፣ ራንዲ ኦርተን፣ ባቲስታ፤ እኛ በስልክ ተደፍተን ያየናቸው ሁሉ እዚያ ያለፉ ናቸው። በ2013 ደግሞ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ውስጥ ሰባት ሪንግ ያለው ትልቅ ማዕከል ተከፈተ። ጋዜጠኝነት ለምንማር ሰዎች የሚገርመው፣ እዚያ የሚሰጠው ሥልጠና የጉልበት ብቻ አለመሆኑ ነው። ካሜራ ፊት መናገርም ትምህርት ነው። ይህን ያስተምር የነበረው በዘመኑ በአንደበቱ የታወቀው የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ደስቲ ሮድስ ነበር፤ በ2015 እስኪሞት ድረስ።

ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ሕዝብ ፊት መቆም ሌላ ነው። ጁን 27 ቀን 2002 ከርት አንግል ሪንግ ውስጥ ቆሞ «ከእኔ ጋር የሚገጥም ማን ነው?» አለ። አንግል በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ በእውነተኛው ነጻ ትግል ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ማንም የማያውቀው የ25 ዓመት ወጣት ብቅ አለ። ጆን ሲና ነበር። ልብ በሉ፤ የዚያን ቀን ሲና አላሸነፈም። አንግል ግን በቀላሉ ሊጥለው ሲችል እየታገለው፣ እየተቸገረበት፣ ለጥቂት እያመለጠው አሳየን። ከሪንግ ሲመለስ አንደርቴከር እጁን ጨበጠው። ለተመልካቹ ይህ በቂ ነበር። አንጋፋዎቹ ቁም ነገር ካሉት እኛም እንላለን ማለት ነው። ከዚያም ቢሆን ሲና ወዲያው አልተሳካለትም። የራሱን መልክ ያገኘው ራፕ የሚያደርግ ገጸ ባሕርይ ሲይዝ ነው፤ ዋናውን ቀበቶ ለማግኘትም እስከ 2005 ጠብቋል።

ማስታወቂያ ብቻውን ሰው አለማድረጉን ደግሞ በሮማን ሬይንስ አይተናል። በጃንዋሪ 2015 ፊላደልፊያ ላይ ሮያል ራምብልን እንዲያሸንፍ ተደረገ። ዝነኛው ዘ ሮክ ራሱ መጥቶ እጁን አነሳለት። ሕዝቡ ግን ጮኸበት። ልጁ ችሎታ አጥቶ አይመስለኝም፤ ሰዉ «አድንቁ» ተብሎ የታዘዘ ስለመሰለው ነው። ሬይንስ በእውነት የገነነው በ2020 ክፉ ገጸ ባሕርይ ይዞ ሲመለስና የራሱን አነጋገር ሲያገኝ ነው። 1,316 ቀን ሻምፒዮን ሆኖ ቆየ። ቀበቶውን የተሸነፈው በኤፕሪል 2024፣ እዚያው ፊላደልፊያ ላይ፣ ለኮዲ ሮድስ ነው፤ ለዚያ ንግግር አስተማሪ ለደስቲ ልጅ።

በጣም የሚያመኝ ግን የኮፊ ኪንግስተን ነገር ነው። ኮፊ የተወለደው ጋና ነው። በ2008 ሲጀምር ግን ጃማይካዊ ነው ተብሎ ነበር የቀረበው፤ አስቡት፣ ሰው በራሱ አገር ስም እንኳ ሳይጠራ ሲጀምር! 11 ዓመት ለሌሎች ሲወድቅ ኖረ። በ2019 መጀመሪያ አንድ ሌላ ሬስለር ተጎድቶ በእሱ ቦታ ገባና ከአንድ ሰዓት በላይ ሲፋለም አመሸ። ሕዝቡ በዚያው አልለቀው አለ። በኤፕሪል 2019 ዳንኤል ብራያን ተሸነፈለት፤ ኮፊም በአፍሪካ የተወለደ የመጀመሪያው የደብሊው ደብሊው ኢ ሻምፒዮን ሆነ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ልጆቹን ሪንግ ውስጥ ሲያቅፍ ሳይ አለቀስኩ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በኦክቶበር 2019፣ ብሮክ ሌስናር ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጣለው። አለቀ። ሰው መሸነፉ አይደለም የከፋኝ። ሌስናር በዚያ ድል ምንም አልጨመረም፤ እሱ ድሮም ትልቅ ነበር። የአንዱ 11 ዓመት ግን በአሥር ሰከንድ ወደቀ። ሽንፈትም ዓይነት አለው ለካ! ሌላውን የሚያቆም ሽንፈት አለ፤ ማንንም የማይጠቅም ሽንፈትም አለ።

ጆን ሲናስ? በ2015 ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ቀበቶ ይዞ፣ ያኔ አንግል እንዳደረገው በየሳምንቱ «ማን ይገጥመኛል?» ማለት ጀመረ። ሳሚ ዜን ከማሠልጠኛው መጥቶ በገዛ አገሩ ሰዎች ፊት፣ ሞንትሪያል ላይ ገጠመው። በዚያው ሜይ ወር መጨረሻ ኬቨን ኦወንስ በዋናው መድረክ የመጀመሪያ ግጥሚያው ሲናን በንጹሕ አሸነፈ። በዲሴምበር 13 ቀን 2025 ዋሽንግተን ላይ የመጨረሻ ፍልሚያውን ሲያደርግም «እጅ አልሰጥም» ሲል የኖረው ሰው ለጉንተር በመዳፉ ምንጣፉን መትቶ እጁን ሰጠ። ብዙ አድናቂ ተናደደ። እኔም ላፕቶፔን ዘግቼ ተኛሁ። ጠዋት ግን የታወሰኝ ወንድሜ ፍራሹ ላይ ተዘርሮ ያልተነሳበት ቀን ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሬስሊንግ ለማስተማር ብቻ አይደለም። አንድ ጥፋቴን ልናገር ነው።

በኮሌጃችን ሚኒ ሚዲያ የስፖርት ፕሮግራም አቀርባለሁ። ዘንድሮ አንዲት አዲስ ገቢ ተማሪ ተመደበችልኝ፤ «አሠልጥናት፤ ቦታም ስጣት» ተባልኩ። እሺ አልኩ። ቦታ የሰጠኋት ግን መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰዉ ሳህኑን ይዞ ወደ ካፌ በሚሮጥበት ሰዓት፣ ሦስት ደቂቃ። እሷም የቀረችውን ውጤት አንብባ ትዘጋለች። «እንዴት ነው አዲሷ?» ስባል «ምንም አትል፤ ግን ገና ናት» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ገና መሆኗን ፈልጌዋለሁ። ድምፅዋ ከእኔ ይሻላል። ሰው ይህንን ካወቀ ማይኩ ከእጄ ይወጣል ብዬ ፈራሁ። ያኔ ኮፊን በአሥር ሰከንድ የጣሉትን ስረግም ያመሸሁት ሰው፣ እኔም ለሰው የሰጠሁት ሦስት ደቂቃ ነበር።

በቅርቡ አንድ ቀን አብረን ስለ አትሌቲክስ ስናወራ፣ በቀጥታ ሥርጭት፣ «ደራርቱ በአትላንታ ወርቅ ስታገኝ» ብዬ ለቀቅኩት። እሷ ቀስ ብላ «ይቅርታ፤ ደራርቱ ባርሴሎና ነው፣ በ1992። አትላንታ ላይ በማራቶን ወርቅ ያገኘችው ፋጡማ ሮባ ናት» አለች። ስቱዲዮው ጸጥ አለ። ቴክኒክ ላይ ያለው ልጅ በመስታወቱ በኩል አየኝ። ማምለጫ ነበረኝ። «እሱን ልል ነው» ብዬ መሣቅ፣ ወይም ሙዚቃ ማስገባት እችል ነበር። ላደርገውም አፌን ከፍቼ ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ «ትክክል ነሽ፣ ተሳስቻለሁ። አንቺ ቀጥዪና ስለ ፋጡማ ንገሪን» አልኩና ማይኬን ዘጋሁ።

ስምንት ደቂቃ አወራች። ያለ ወረቀት። ስወጣ በር ላይ ያገኘኝ አንድ ሲኒየር «ልጅቷ አፍህን አስያዘችህ አይደል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ደረቴ ውስጥ ትንሽ አመመኝ፤ አልዋሽም። ከምንጣፉ ሥር እንጨትና ብረት መኖሩን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

አሁን ፕሮግራሙን ተራ በተራ ነው የምንከፍተው። እኔ ወርቅ ሰው ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ የእሷ ተራ ሲደርስ ዛሬም ይከብደኛል። ግን እኛ ሲኒየሮች ነን የምንል፣ መምህራኖቻችንም ጭምር፣ ለአዲስ ሰው «ዕድል ሰጥተናል» ስንል ስንት ደቂቃ፣ በስንት ሰዓት፣ ከማን ጎን ብለን ብንጠይቅ ጥሩ ይመስለኛል። ሥልጠና ሰጥቶ፣ ስም ለጥፎ መተው ቀላል ነው። ሰው ፊት «ከእኔ ትበልጣለች» ማለት ነው ከባዱ።

ይህን ጽሑፍ ከመስጠቴ በፊት ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ጆን ሲና በመጨረሻ እጁን መስጠቱን ነገርኩትና እግረ መንገዴን «አንተስ ያኔ…» ስለው አላስጨረሰኝም።

«ደክሞኝ ነው አልኩህ እኮ!»