ደራርቱ ከወሊድ ስትመለስ

ከአሰላ ወደ በቆጂ ሲወጣ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉሙ ሳይገፈፍ ለልምምድ የሚሮጡ ልጆች ኮቴ ይሰማል።

ሯጯ ደራርቱ ቱሉ የዚህች አገር ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ ገና ሃያ ዓመቷ ነበር። ሁለተኛ የወጣችውን ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ሜየርን መጨረሻው መስመር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። ፉክክርና ወዳጅነት አብረው አይሄዱም ለሚል ሰው ይህን ምስል ማሳየት ይበቃል።

ከዚያ ጉዳት መጣ፤ በ1998 ደግሞ ልጅ ወለደች።

ወላድ ሯጭ ምን እንደምትሸከም እስቲ አስቡት። ሌሊት ሕፃኑ ያነቃታል፣ ማለዳ ልምምዱ ይጠብቃታል፤ ጎኗም ዕረፍት ይለምናታል። እንቅልፍ ካጣች እግሯ ይከብዳል፤ ልምምድ ካበዛች ከልጇ ትርቃለች። ደራርቱ ከወሊድ ተነሥታ በ2000 ሲድኒ ላይ ያንኑ ርቀት በ30 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጣ ዳግም ወርቅ አጠለቀች። በጊዜው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነበር።

ነገሩ በዚያም አላበቃም። በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ አሟት ወደ ኋላ ስትቀር፣ ደራርቱ ዞር እያለች «ነይ» ትላት ነበር።

በቆጂ ውስጥ ዛሬም የሚሮጡ እናቶች አሉ። ጎረቤቶች ሆይ፣ ማለዳ አንዲቱ ለልምምድ ስትወጣ ካያችሁ ልጇን ያዙላት።