ለብቻ የተጠጣ ቡና

መልካም ነገር ሁሉ ከሰው ጋራ ካልተካፈሉት መልካምነቱ እየጐደለ ይሄዳል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ቡና ነው፤ ነገር ግን ቡናን ምክንያት አድርጌ የማጫውታችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነውና፥ ወጣት አንባቢዎቼ ሆይ፥ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እናቴ በሕይወት ሳለች በቤታችን ቡና የሚፈላው በጀበና ነበር። ቡናው ታጥቦ በምጣድ ሲቈላ ጢሱ አጥሩን አልፎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጠሪ ሳያስፈልግ ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፥ “ቤቶች!” እያሉ ይገባሉ። አቦል፥ ቶና፥ በረካ እስኪጠጣ ድረስ የታመመው ይጠየቃል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ ያዘነውም ይጽናናል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ማባከን አድርጌ እቈጥረው ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ጀበናውን ከቁም ሣጥን ላይ ሰቀልሁና ሞካ የምትባለውን የጣሊያን ቡና ማፍያ ገዛሁ። የዚህች ዓይነት ማፍያ መጀመሪያ የወጣችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. በሰሜን ጣሊያን፥ ከአልፎንሶ ቢያሌቲ ፋብሪካ ሲሆን፥ ስሟ የተወሰደው ከየመኑ የሞካ ወደብ ነው። ስምንት ጎን ያላት የአሉሚኒየም ዕቃ ናት። ከታች ውሃ፥ ከመካከል የተፈጨ ቡና ይደረጋል፤ እሳት ሲነካት በታችኛው ክፍል የታመቀው እንፋሎት ውሃውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውሃውም በቡናው ውስጥ አልፎ በላይኛው ክፍል ይጠራቀማል። እሳቱ ረጋ ያለ መሆን አለበት፤ ማንኰርኰር ስትጀምርም ቶሎ ካልወረደች ቡናው ይመርራል። ይህን ካወቁባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃታል።

እንግዲህ በየጥዋቱ ብቻዬን ቆሜ አንዲት ስኒ እጠጣና ወደ ሥራዬ እሮጣለሁ። ቡናውን ተቈልቶና ተፈጭቶ ከሱቅ ስለምገዛው ከቤቴ ጢስ አይወጣም። በዚህም እኮራ ነበር፤ “ሥልጡን ሰው የጊዜን ዋጋ ያውቃል” እል ነበር።

ኋላም የዓመት ዕረፍቴን ባገኘሁ ጊዜ፥ የምወደውን ቡና በአገሩ ልቅመሰው ብዬ ወደ ናፖሊ ሄድሁ። የጣሊያን ጦር እንደ እኛ አቆጣጠር ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በአገራችን ያደረሰውን ግፍ አልረሳሁም፤ ቢሆንም መልካም ነገርን ከማንም ሕዝብ መማር ነውር አይደለም።

በዚያ አገር ብዙ ሰው ቡናውን የሚጠጣው በባንኮኒው ፊት ቆሞ ነው። ቡና አፍዪው ሰባት ግራም ያህል የተፈጨ ቡና ጠቅጥቆ ከመኪናው ላይ ይገጥመዋል፤ መኪናውም ሙቁን ውሃ በብርቱ ግፊት እያሳለፈ በግማሽ ደቂቃ ያህል ስኒዋን ይሞላታል። የዚህን መኪና አሠራር ሉዊጂ ቤዜራ የተባለ የሚላኖ ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 አስመዘገበ፤ በላዩ የሚታየው ወርቅማ አረፋ የታወቀው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፥ አኪሌ ጋጃ በእጀታ የሚጫነውን መኪና ካወጣ ወዲህ ነው። እኛ በአዲስ አበባ ማኪያቶ የምንለውም ቃል ከእነርሱ የመጣ ሲሆን፥ በወተት ነጥብ የተደረገበት እንደ ማለት ነው።

አንድ ቀን የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው የሁለት ቡና ዋጋ ከፍሎ አንዱን ብቻ ጠጥቶ ሲወጣ አየሁ። ነገሩ ገርሞኝ ገንዘብ ተቀባዩን ብጠይቀው፥ “ሁለተኛው ሶስፔዞ ነው” አለኝ። ሶስፔዞ ማለት ተንጠልጥሎ የቆየ ማለት ነው፤ ይኸውም ገንዘብ ላጣ፥ ለማይታወቅ ሰው የተከፈለ ቡና ነው። ጥቂት ቆይቶም አንድ ሽማግሌ ከደጃፉ ብቅ ብሎ፥ “ሶስፔዞ አለ?” ሲል ጠየቀ። ስሙን የጠየቀው የለም፤ ቡናው ተቀዳለትና ጠጥቶ ሄደ።

ከተመለስሁ በኋላ ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ እያደነቅሁ አወራሁ። አንድ ማታ ግን እማማን በምርኵዝ ተደግፈው፥ ፊታቸው ገርጥቶ ከደጃፋቸው አገኘኋቸው።

“እማማ፥ ምነው እንዲህ ከሱ?” አልኋቸው።

“ልጄ፥ አንተ ወደ ውጭ አገር ሳትሄድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኝቼ ነበር።”

“ታዲያ ምነው ሳይልኩብኝ?”

“የቡናችሁ ጢስ ከጠፋ ሁለት ዓመቱ። ጢስ በማይታይበት ቤት ማን አለ ብዬ ልላክ?”

የምመልሰው አጣሁ። እናቴ ስታጣጥር እጇን ይዘው ያደሩት እኒህ ሴት ነበሩ። ለማይታወቅ ሰው የተከፈለ ቡና ለማየት ባሕር ተሻግሬ ሄድሁ፤ የማውቃቸው ሴት ግን በአንድ አጥር ወዲያ ታመው ሲተኙ አላወቅሁም። ጥፋቱ የማፍያዋ ነው እንዳልል፥ የናፖሊ ሰዎችም ቡናቸውን የሚጠጡት ቆመውና ቸኵለው ነው፤ ነገር ግን እየቸኰሉም በዚያ የሌለውን ሰው ያስቡታል። እኔ ከእነርሱ የወሰድሁት ችኰላውን ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ስድስት ስኒ የምታወጣ ማፍያ ገዛሁ። አሁን በየጥዋቱ ከመሄዴ በፊት አንድ ስኒ ወደ እማማ ቤት ይዤ እገባለሁ፤ እንዴት እንዳደሩም እጠይቃለሁ። መጀመሪያ ቀን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱና፥ “ጉልበት አለው፤ ግን በረካ የለውም ወይ?” አሉኝ። የሞካ አተላ ሁለተኛ እንደማይፈላ ነገርኋቸው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ጀበናው ከቁም ሣጥን ወርዷል። የመጀመሪያውን ቡና ሳሳርረው ስቀው ምጣዱን ከእጄ ወሰዱና አቈላሉን አስተማሩኝ።

ወጣቶች ሆይ፥ የሌላ አገር ጥበብ ቢጠቅማችሁ ሳትፈሩ ውሰዱ። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ ወደ ቤታችሁ በገባ ጊዜ፥ በእርሱ ምክንያት ከቤታችሁ የቀረ ሰው እንዳለ ተመልከቱ፤ ካለም ሳይመሽ ሂዱና ጠይቁት።