ከእግር በፊት የሚታጠብ

ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ የደረሰው ውጅግራ ሦስት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አስጨንቆኛል። አፈሙዙን ቀይ ዝገት ይዞታል። እንጨቱ ጠቁሯል፤ የተሰነጠቀው ሰደፍ በበሬ ጠፍር ተጠፍንጓል። ታላቅ ወንድሜ ለአባታችን ሙት ዓመት እንደ አዲስ አብረቅርቆ ሳሎን እንዲሰቀል ይፈልጋል። አናጺውም ዋጋ ነግሮናል፦ ጠፍሩ ይቆረጣል፣ ስንጥቁ በኮላ ይያዛል፣ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ብረቱ በሞተር ይፈገፈጋል።

እሺ ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ያገደኝ ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው። ከዓይን ይልቅ ለጥፍር የሚቀርብ፣ የሳንቴቲየን ፋብሪካና የ1874 ሞዴል መሆኑን የሚናገር ማኅተም ነው። ሞተሩ አንዴ ካለፈበት አይመለስም።

የመሣሪያው አባት ካፒቴን ባዚል ግራ የሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ነው። አንድ ጥይት ጎርሶ አንድ የሚተኩስ፣ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ ነበር። የፈረንሳይ ጦር በ1886 እ.አ.አ. ለበን የሚባለውን ጠመንጃ ሲታጠቅ ውጅግራው ተረፈ፤ የተረፈውም ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ ነው። በአገሩ ስሙ ፉዚ ግራ ነው። ውጅግራ ያደረገው የእኛ አፍ ነው። ይህን ሳስብ ጠፍሩ ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። ያ ጠፍር ቢቆረጥ፣ እንጨቱም ቢፋቅ፣ ወደ ፋብሪካው የሚመለስ ፉዚ ግራ ይኖረኝ ይሆናል፤ የአያቴ ውጅግራ ግን አይኖረኝም።

ታዲያ ዝገቱስ? እሱንም የአያቴ ማስታወሻ ነው ብዬ ልተወው ዳድቶኝ ነበር። አክስቴን ጠየቅኋቸው።

«አባባ ተኩሰው ሲመጡ ከእግራቸው በፊት ጠመንጃቸውን ነበር የሚያጥቡ» አሉኝ። «እናቴ ውሃ ታፈላላቸዋለች። ጠፍሩንም ከበቅሎ ወድቆ የተሰበረ ቀን እርጥቡን ጠምጥመው ፀሐይ ላይ ያደረቁት ራሳቸው ናቸው። ዝገት ግን? እሳቸው ቤት? ምን ሲደረግ!»

አያቴ ልክ ነበሩ። የጥንቱ ባሩድ አመድ እርጥበት ይስባል፤ ሳይታጠብ ካደረ ብረት ይበላል። ዝገቱ ከእሳቸው በኋላ የመጣ ነው። የእኛ ነው፣ የአባቴና የእኔ፤ ሠላሳ ዓመት ቆጥ ላይ ረስተነው።

ለአናጺው ይቅርብኝ አልኩት። ትናንት ማታ ባዶ መሆኑን ደግሜ አይቼ ብረቱን ከእንጨቱ ለየሁ። የፈላ ውሃ ቀዩን ዝገት ያጠቁረዋል፤ የጠቆረውን በጨርቅ ጠርጎ ዘይት ማስነካት ነው። ማኅተሙን አይነካም። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ሲያየኝ ቆየ። አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሙዙን በሁለት እጁ በጨርቅ ያዘልኝ፤ እኔም ከማንቆርቆሪያው ቀስ አድርጌ ማፍሰስ ጀመርኩ።