ሌባው በአረማመዱ ይታወቃል

አቦሉ እየተቀዳ ነው፤ ጠጋ በሉ። ያለነው ተፍኪ፣ ሰበታን አልፎ በጅማ መንገድ፣ አክስቴ ቤት ነው። ቆሎው የሽምብራ ነው። ከዚሁ ከጥቁሩ መሬት የበቀለ ስለሆነ «ከየት ገዛችሁት?» እንዳትሉ፤ አክስቴ ትቀየማለች። ወሬውን የለኮሰችው የልጅ ልጇ ናት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከስልኳ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል «ቴአትሩ ይበልጣል!» አለች።

የቱ ቴአትር? ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብያለሁ።

«ሌዚታውን» የሚባለውን የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ያያችሁት ትኖራላችሁ። ሮዝ ፀጉር ያላት ልጅ አለች፤ ሰማያዊ ለብሶ ሲገለባበጥ የሚውል ጀግና አለ፤ ከመሬት በታች ተቀምጦ ተንኮል የሚሸርብ፣ አገጨ ረጅም ሰነፍ ሰውዬም አለ። ይህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ አሜሪካ ቴሌቪዥን ከመድረሱ በፊት በአይስላንድ የመድረክ ጨዋታ ነበር፤ ዘፈኑም ዳንሱም ያለበት። አይስላንድ ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን የማይሞላ ቀዝቃዛ ደሴት ናት። ማግኑስ ሼቪንግ የሚባል የኤሮቢክስ ሻምፒዮን ልጆች ከሶፋ ላይ እንዲነሡ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ፤ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1996 መድረክ ላይ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ሁለተኛው ቴአትር ተከተለ። ልጅቷ የምትሟገትለት ለዚህ ለሁለተኛው ነው፤ ቀረጻውን አይታዋለች፤ በአይስላንድኛ።

«አይስላንድኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«አልችልም።»

«ታዲያ ይበልጣል ያልሽው በምኑ ነው?»

«በቴአትሩ ሁሉም ሰው ናቸው» አለች። እውነቷን ነው። በቴሌቪዥኑ ከሦስቱ በቀር የከተማዋ ነዋሪ በሙሉ አሻንጉሊት ነው፤ በመድረኩ ግን ልጆቹንም የሚጫወቱት በላብ የሚጠመቁ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ለቴሌቪዥኑ ቆምኩ፤ ቀለሙ፣ ሙዚቃው፣ ጥራቱ እያልኩ። በጓደኞቿ መካከልም ክርክሩ ይኸው ነው አሉ፤ ግማሹ ለመድረኩ፣ ግማሹ ለስክሪኑ። አንዳቸውም አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም፤ ሲጀመር አንዳቸውም ገና አልተወለዱም ነበር።

አክስቴ ረከቦቱን እያስተካከለች ዝም ብላ ስታደምጠን ቆየችና «እኔም ቋንቋውን ሳልሰማ ነው አባባ ተስፋዬን የወደድኳቸው» አለች።

ክርክራችን እዚያ ላይ ቆመ። አክስቴ ልጅ ሳለች የምታውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነበር። ለትምህርት ሰበታ ዘመድ ቤት ስትላክ ሰፈሩ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ነበር። ልጆቹ መግቢያ የሚከፍሉት በሥራ ነው፤ አንዱ ግቢ ይጠርጋል፣ እሷ ውኃ ትቀዳለች። ከዚያ መሬት ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ተረት ነጋሪው አባባ ተስፋዬ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብለው «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲሉ ቤቱ ሙሉ ተነሥቶ እጅ ይነሣል። «የሚያዩን ነበር የሚመስለን» አለችና ሳቀች። ተረቱ አይገባትም። ጅቡ ግን ይገባታል፤ ጦጣዋም ትገባታለች፤ ድምፃቸው ሲወፍር ማን እንደመጣ፣ ሲቀጥን ማን እንደሸሸ ታውቃለች። «አማርኛን ከትምህርት ቤት በፊት ከሳቸው ፊት ላይ ነው የለቀምኩት» ትላለች።

አባባ ተስፋዬ ይህን ሁሉ የተማሩት ቴሌቪዥን ውስጥ አይደለም። ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሙሉ ስማቸው ይህ ነው፣ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወላጅ አጥተው፣ አዲስ አበባ የገቡ የመድረክ ሰው ናቸው። መጀመሪያ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ቡድን፣ በኋላም ዛሬ ብሔራዊ በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሠርተዋል። ሴት ተዋናይ በጠፋበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው ተጫውተዋል፤ ኮሪያ ድረስ ዘምተው ለወታደሩ አጫውተዋል። አዳራሽ ውስጥ ማይክሮፎን ሳይኖር መጨረሻው ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ጅብ መሆን ቀላል አይምሰላችሁ። ትከሻም፣ ቅንድብም፣ ጉሮሮም አብረው መሥራት አለባቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኚህ ሰው ያንን ሁሉ ይዘው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ልጆች ፊት ቆዩ። ስቱዲዮውም ሩቅ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ የጀመረው ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የቴአትር አዳራሽ ያለበት ያው ሕንፃ።

በሳቸው የቴሌቪዥን ዘመን ማብቂያ ገደማ ደግሞ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጣች፤ ብሩክታዊት ጥጋቡ የምትባል መምህርት ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቀጭኔ የሆነች የአሻንጉሊት ዝግጅት። ልጅቷ ያደገችው በፀሐይ ነው፤ ያኔ ግን ስለ አሻንጉሊቶቹ ያማረረችውን አላስታውስም። ይህንን ስነግራት «ፀሐይ ሌላ ናት» ብላ ዘጋችኝ። አድናቂ ሲከራከር ሕጉን የሚያወጣው ራሱ ነው።

ቶናው ሲደርስ ልጅቷ ስልኩን ለአያቷ አቀበለቻት። «አኮ፣ እስቲ እይው» አለቻት። ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ቃሉ ለማናችንም አይገባም። አንድ ቀጭን ረጅም ሰውዬ በጣቶቹ ጫፍ እየተራመደ፣ አንገቱን ቀድሞ እያስገባ፣ መድረኩን ያቋርጣል። አክስቴ መነጽሯን አውርዳ አየችው፤ ብዙም አልፈጀባትም።

«ይሄ ሌባ ነው።»

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ቴአትሩ «ግላኒ ግላይፑር በላቲባይር» ይባላል፤ «ግላይፑር» በአገሩ ቋንቋ ወንጀል ማለት ነው። ሰውዬው ስሙ ራሱ ወንጀል ነው! አክስቴ በአረማመዱ ብቻ ደረሰችበት።

ተዋናዩ ስቴፋን ካርል ስቴፋንሶን ይባላል። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ ይህንኑ ተንኮለኛ፣ ስሙ «ሮቢ ሮተን» ተብሎ ተቀይሮ፣ እሱው ራሱ ይዞት ሄደ። ከመሸ በኋላ አብረን ሁለቱንም አየን፤ መድረኩንም ስክሪኑንም። ያ አረማመድ አልተለወጠም። ሰውዬው በየክፍሉ ልብስ ይቀያይራል፤ አንዳንዴ ሴት መስሎ ይመጣል፤ አክስቴ ግን እግሩን እያየች «እሱው ነው፣ እሱው ነው» ትላለች። ቀሚስ ለብሰው ስለተጫወቱት ሰው ባወራን በሰዓቱ መሆኑ ገርሞኝ ነበር፤ እሷ ግን አልገረማትም፤ «የመድረክ ሰው እንዲህ ነው» አለች እንጂ።

የእኔና የልጅቷ ሙግት? አልተፈታም። እሷ አሁንም መድረኩ ይበልጣል ባይ ናት፤ እኔም ለክብሬ ስል ከስክሪኑ አልለቀቅኩም።

በረካው ሲቀዳ አክስቴ ስልኩን እየመለሰች «ይሄ ሰውዬ አሁንም ይጫወታል?» ብላ ጠየቀች።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ስቴፋን ካርል እ.ኤ.አ. በ2018 በካንሰር አርፏል፤ አባባ ተስፋዬ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ነገርኳት።

«ነፍስ ይማር» አለች፤ ሲኒውን አቀበለችኝና ለልጅቷ «እስቲ ያችን አረማመዱን መልሰሽ አሳይኝ» አለቻት።