በሁለት ቋንቋ ስለሚያድግ ልጅ

ልጅ አፉን በሚፈታበት ጊዜ የሚሰማው ቃል ሁሉ የቤቱ ቃል ይመስለዋል እንጂ፥ ይህ የእነ እገሌ ነው፥ ያ ደግሞ የእነ እገሌ ነው ብሎ አይለይም። ይህንንም ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጎብዬ ያደግን ሁሉ በራሳችን አይተነዋል።

የአባታችን ወገኖች በአማርኛ፥ የእናታችን ወገኖች በትግርኛ ይናገሩ ነበር። አባታችን «ና» ሲሉን፥ አያታችንም «ነዓ» ሲሉን እግራችን ለሁለቱም እኩል ይሮጥ ነበር። ወተቱን «ጸባ» ብንለው ጣዕሙ አይለወጥም፤ ውኃውንም «ማይ» ብንለው ጥማችንን ይቈርጥ ነበር። በሰርግም ቀን ለክርስቲያኑና ለእስላሙ እርዱ ለየብቻ ይታረድ፥ ድስቱም ለየብቻ ይጣድ ነበር፤ ነገር ግን ዳሱ አንድ ነበረ።

ይሁን እንጂ ልጅነት የሚያልቅበት ቀን አለ። የእኛ ልጅነት ያለቀው ጢም ባወጣን ጊዜ ሳይሆን፥ «እናንተ ከየትኛው ናችሁ?» ተብለን በተጠየቅን ጊዜ ነው። ቀድሞ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ዘመን ቆቦና አላማጣ በአንድ አውራጃ ይተዳደሩ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ግን ቆቦ ወደ አማራ ክልል፥ አላማጣም ወደ ትግራይ ክልል ገቡ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 46 ክልሎች በሕዝብ አሰፋፈር፥ በቋንቋ፥ በማንነትና በፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንዲዋቀሩ ደነገገ። ለሌላው ሰው ይህ የካርታ ነገር ነበረ፤ በእኛ ቤት ግን መስመሩ በአባትና በእናት መኻከል አለፈ። በቀበሌ መታወቂያ ላይ ለብሔር የተተወችው ስፍራ አንዲት ብቻ ነበረችና፥ ከሁለቱ አንዱን ማስቀረት ግድ ሆነ። አያታችንም ከገበያው መኻከል ሲደርሱ «ነዓ» የሚለውን ቃል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይናገሩት ጀመር።

ከዚህ በኋላ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተነሣው ጦርነት በሐምሌ ወር ወደ ቆቦ ደረሰ፤ በጎብዬም ውጊያ ሆነ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደ ገና አገረሸ፤ የሰላሙም ስምምነት በፕሪቶርያ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከሁለት ወገን የተወለደ ቤተ ሰብ ኀዘኑ ከሁለት ወገን መጣበት፤ ለአንዱ በአደባባይ ልቅሶ ተቀምጦ፥ ለሌላው በጓዳ ያለቅስ ነበር።

እኛ ልጅ ይህን ዓለም ሳያውቅ ይኑር አንልም፤ ማወቁ አይቀርምና። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ በኀፍረት በር የገባ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ እናትና አባት የሆናችሁ ሁሉ፥ ያ ጥያቄ ልጃችሁን በመንገድ ሳያገኘው በፊት፥ መልሱን በቤታችሁ አስተምሩት። የአባቱን ቋንቋ በእናቱ ፊት፥ የእናቱንም ቋንቋ በአባቱ ፊት አክብሩለት፤ ሁለቱም ርስቱ መሆናቸውን ንገሩት። በመዝገብ ፊት የምትቀመጡ ሹማምንትም፥ ልጁ «የሁለቱም ነኝ» ብሎ የመለሰ እንደ ሆነ፥ ቃሉን እንደ ተናገረው ጻፉለት። እናቱን ክዶ እንዲያድር የተገደደ ልጅ፥ ነገ ጎረቤቱን ለመካድ አይቸገርምና።