የጎመን ምንቸት

ሐምሌ ሲገባ የደምበጫ ገበያ መልኩን ይለውጣል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና ጉም ለብሶ በሚውልበት በዚህ ወራት፣ በበጋ ገበያውን የሚሞላው የእህል ጆንያ እየሳሳ ይሄዳል። በምትኩ ጤዛው ያልረገፈለት ጎመን፣ አፈሩ ያልተራገፈለት ድንች፣ ከጓሮ የተለቀመ ኮክ በጭቃው ዳር ይደረደራል። እህሉ ቀንሶ ቅጠሉ የሚበዛበት ገበያ ነው።

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደው ጤፍ በብዙ ቤት ከጎተራው ተሟጥጧል፤ የመጪው ዓመት ደግሞ ገና እየተዘራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል የሚያሻግረው፣ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ያለማው ጓሮ ነው።

እግራቸው እስከ ባታቸው በጭቃ የተለወሰ አንዲት እናት ጎመናቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ወጣት መምህር ሊገዛ ጎንበስ ብሎ፣ «እናቴ፣ በዚህ ዝናብ ይህን ሁሉ መንገድ ለጥቂት እስር ጎመን?» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ጎተራ ሲነጥፍ ጓሮ ያኖራል» አሉት። ከዚያም ከገዛው ላይ አንድ እስር መረቁለት።

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ረጅም ታሪክ አለ። ጎመን የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ቅጠሉ ይበላል፣ ዘሩም ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። ድንች ግን እንግዳ ነበር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። ገበሬው ወዲያው አልተቀበለውም፤ በስፋት መተከል የጀመረው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ፣ በረሃብ ዘመን ነው። በሦስትና በአራት ወር የሚደርስ ተክል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያስተማረው ባዶ ጎተራ ነው። ይሁንና ድንች እንደ እህል አይቆይም፤ ሁሉም ባንድ ሰሞን ቆፍሮ ስለሚያወጣው ዋጋው ይወድቃል፣ ድካሙም ከገበያው ይቀራል።

የውለታው ዕድሜም አጭር ነው። መስከረም ጠብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ በመስቀል ሰሞን በየቤቱ የጎመን ምንቸት እንዲወጣ፣ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ ይታወጃል። ክረምቱን ሙሉ ቤተሰቡን ያቆመው ምንቸት የችጋር ምልክት ተብሎ ይሰናበታል። ሠዓሊውም አውድማውን፣ ገጣሚውም አደዩን ያነሣል እንጂ የሐምሌን ገበያ ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

ምንቸቱ መውጣቱስ ደግ ነው፤ ችጋርን በቤቱ ማቆየት የሚወድ ማን አለ? ነገር ግን «ውጣ» የተባለው ምንቸት አይሰበርም። ታጥቦ፣ ተገልብጦ ከጓዳው ጥግ ይቀመጣል። ሐምሌ ተመልሶ እንደሚመጣ እኒያ እናት ያውቃሉና።